ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ማስክ ያድርጉ ወይስ አያድርጉ?

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ለወረርሽኝ ጊዜ የሚሆን ዕቅድ እያዘጋጀን ነው። በኮሮና ወቅት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ሁሉ ማስክ እንዲያደርጉ አስገድደን ነበር። አሁን የወላጅና መምህራን ኅብረቱ ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ ‹ልጆቻችንን አየር ነሥታችኋቸዋል› ይላል። ገሚሱ ‹ያለ ማስክ ከሆነ ልጄን አልልክም› ይላል። የ1ኛ ክፍል መምህራን ደግሞ ልጆቹ በዚያ ዓመት ፊደል በደንብ አልያዙም ባይ ናቸው። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ማስክ ግዴታ ይሁን ወይስ ይቅር?»

ምላሽ፦ መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎትና ምክንያቱን ቀጥዬ ላምጣው። በትንፋሽ የሚተላለፍ ወረርሽኝ በአካባቢዎ በተስፋፋ ጊዜ መምህራንና 12 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ማስክ ማድረጋቸው ይጠቅማል፤ ግዴታ ቢሆንም ተገቢ ነው። ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉት ውሳኔው እንደ ስርጭቱ መጠንና እንደ ትምህርት ቤቱ አቅም ይለያያል። አምስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑትን ማስገደድ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ያወጡት የጋራ ምክርም ዕድሜን የከፈለው በዚሁ መልክ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዕቅድዎ መጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲሰፍር የምለምንዎት ነገር አለ፦ ማስክ የለውም ተብሎ ከትምህርት ቤት በር የሚመለስ አንድም ልጅ አይኑር። ለምን ይህን እንደማስቀድም ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በኮሮና ጊዜ የተወሰነውን ዛሬ ላይ ተቀምጦ መንቀፍ ቀላል ነው፤ እኔ አልነቅፈውም። የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በየምዕራፉ መከፈት ሲጀምሩ ተማሪው በፈረቃ፣ ተራርቆ ተቀምጦና ማስክ አድርጎ እንዲማር ተወሰነ። ስለ በሽታው የሚታወቀው ትንሽ፣ የሚፈራው ብዙ በነበረበት ሰዓት ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መሸፈን የሚጠበቅ ነበር። አሁን ያለን ዕድል የተለየ ነው። ትልልቅ ጥናቶች ተሠርተዋል፤ የትኛው ልጅ፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ይሸፈን የሚለውን ለይቶ መወሰን ይቻላል።

የማስክ ዋና ሥራ ከታማሚው አፍና አፍንጫ የሚወጣውን ርጥበት እዚያው ማስቀረት ነው። ብዙ ወላጆች «ቫይረሱ ከጨርቁ ቀዳዳ ያንሳል፤ ታዲያ ምን ያግደዋል?» ብለው ይጠይቁኛል። ቫይረሱ ብቻውን ቢለካ የአንድ ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ እውነት ነው፣ ያንሳል። ነገር ግን ብቻውን አይበርም። ስናወራ፣ ስንዘምር፣ ስንስል በሚወጡት ጠብታዎችና ብናኞች ውስጥ ሆኖ ነው የሚጓዘው፤ እነዚህ ደግሞ ከእሱ እጅግ ይበልጣሉ። በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው ምልክት ሳያሳይ ሁለት ቀን ያህል ቀድሞ ሊያስተላልፍ ስለሚችል «የታመመ ብቻ ያድርግ» የሚለው ሐሳብም አያዋጣም። በክፍሉ ውስጥ ማን እንደታመመ በዚያ ሰዓት የሚያውቅ የለም።

ጨርቁ ግን ይለያያል። ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ውስጥ ለውስጥ የሚያሳይ ጨርቅ ብዙም አያግድም። በነጠላ ጫፍ አፍን መሸፈን ለጨዋነት እንጂ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሚመከረው የጨርቅ ማስክ ሦስት ድርብ ነው፤ ከውስጥ ርጥበት የሚመጥ ጥጥ፣ ከመሐል የሚያጣራ፣ ከውጭ ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ ይደረጋል። የሕክምናው ማስክ ከጨርቁ ይሻላል። የሁለቱም ጥቅም ግን የሚወሰነው ከፊት ጋር በመገጣጠሙ ነው፤ ለአዋቂ የተሰፋ ማስክ በሰባት ዓመት ልጅ ጉንጭ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ይተዋል፤ አየሩም የሚወጣውና የሚገባው በዚያ ነው።

ማስረጃውን ሳላጋንን ላስቀምጠው፤ የኅብረቱ ሁለት ወገኖች የየራሳቸውን ጥናት ይዘው ሊመጡብዎት ስለሚችሉ ቢያውቁት ይረዳዎታል። በባንግላዴሽ በ600 መንደሮች፣ ከ340 ሺህ በሚበልጡ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ነበር። የሕክምና ማስክ በታደለባቸው መንደሮች በምርመራ የተረጋገጠ፣ ምልክት ያለው ሕመም በ11 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ቅነሳው 35 በመቶ ደረሰ። የጨርቅ ማስክ በታደለባቸው መንደሮች ግን አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። 11 በመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ያስታውሱ፣ በእነዚያ መንደሮች ማስክ በትክክል ያደረገው ከአሥሩ ሰው አራቱ ብቻ ነበር።

ይህ በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ነው። በተማሪዎች ላይ ከተሠሩት ሁለቱን እጠቅሳለሁ፤ ውጤታቸው አንድ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የማስክ ግዴታ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲነሣ፣ በቦስተን ዙሪያ ካሉት 72 የትምህርት አስተዳደሮች ግዴታውን ይዘው የቀጠሉት ቦስተንና ጎረቤቷ ቼልሲ ብቻ ነበሩ። በቀጣዮቹ 15 ሳምንታት ማስክ ባነሡት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 ተማሪና ሠራተኛ ውስጥ ወደ 45 የሚጠጋ ተጨማሪ ታማሚ ተመዘገበ። በሌላ በኩል በስፔን ካታሎንያ ማስክ ግዴታ የነበረው ከ6 ዓመት ጀምሮ ስለነበር ተመራማሪዎች ማስክ የማያደርጉትን የ5 ዓመት ልጆች ከሚያደርጉት የ6 ዓመት ልጆች ጋር አነጻጸሩ፤ ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኙም። ሁለቱም ጥናቶች ልጆችን በዕጣ መድበው የሠሩት አይደሉምና ደካማ ጎን አላቸው። እኔ አንድ ላይ ሳነባቸው የምረዳው ይህን ነው፦ ማስክ በትልልቆቹ ተማሪዎችና በመምህራን ላይ ስርጭትን ይቀንሳል፤ በትንንሾቹ ላይ ግን የሚገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ማስኩን ይነካካል፣ ከአፍንጫው በታች ያወርደዋል፣ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጣል። በምርመራ ክፍሌ ካየኋቸው አንዱ ማስኩን ከኪሱ ሲያወጣ በእርሳስ ግራጫ ሆኗል፤ የጆሮ ማሰሪያው ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል፤ በአንድ በኩል ደግሞ የታኘከ ነው። ልጁን የሚነቅፈው ማን ነው? የልጅ ወጉ ነው።

አሁን ወደ አየሩ ጉዳይ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና የወላጆቹ ሥጋት ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ቢበረታ አይገርመኝም። በዚያ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ልጆችዎ ግን ተወልደው ያደጉበት አየር ነው፤ ሰውነታቸው ለምዶታል። ማስክ ይህን መጠን አይቀንሰውም። የኦክስጅንም ሆነ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል በጨርቅ ክሮች መካከል ያለ ችግር ያልፋል፤ የሚያዘው ከእነሱ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጠው ጠብታ ነው። በጣሊያን ማስክ ባደረጉ ሕፃናትና ልጆች ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የለኩ ሐኪሞች የሚያሳስብ ለውጥ አላዩም። «ማስክ ልጆችን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመርዛል» የሚል አጭር ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። የአለካኩ ዘዴ አጠራጣሪ ሆኖ በመገኘቱ መጽሔቱ ራሱ በሳምንታት ውስጥ ሽሮታል። የሚያሳዝነው፣ ጽሑፉ ዓለምን ሲዞር መሻሩን የሰማው ጥቂት ሰው ነው። ከወላጆች አንዱ ይዞት ቢመጣ ይህን ይንገሩት።

ይህን ስል የልጆቹ ቅሬታ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ማስክ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ያሳክካል፣ ከጆሮ ጀርባ ያቆስላል። የረጠበ ማስክ ትንፋሽን ከባድ ያደርጋል። «አየር አጠረኝ» የሚል ልጅ ሲገጥማችሁ አትከራከሩት፤ ወደ ግቢ አውጡት፣ ይፍታው፣ ይተንፍስ። አስም ያለበት ልጅ በአብዛኛው ማድረግ ይችላል፤ ሕመሙ በተነሣበት ቀን ግን ይቅርበት። በስፖርት ክፍለ ጊዜና በግቢ ሩጫ ላይ ማንም ልጅ ማስክ ማድረግ የለበትም። እንቅልፍ ላይ ላለ፣ ወይም ያለ ሰው ርዳታ ማስኩን ማውለቅ ለማይችል ልጅ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

የ1ኛ ክፍል መምህራንዎ የተናገሩት ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። እነሱን ስሟቸው እላለሁ፤ ያዩት ነገር ምክንያት አለው። ፊደል የሚማር ልጅ በጆሮው ብቻ አይማርም፤ የመምህሯን ከንፈር እያየ ነው። ከ«ሀ» ወደ «ሁ» ስትሄድ ከንፈሯ ይሞጠሙጣል፤ «ሂ» ላይ ወደ ጎን ይሳባል፤ «ሆ» ላይ እንደገና ይከብባል። «በ»፣ «መ» እና «ጰ» ከንፈር ገጥሞ ሲለያይ የሚወጡ ናቸው፤ «ፈ» የታችኛውን ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ያገናኛል። «ቋ» እና «ጓ» ያለ ከንፈር ቅርጽ ለጀማሪ ግልጽ አይሆኑም። ይህ ሁሉ በማስክ ሥር ይጠፋል። በዚያ ላይ ማስክ ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል። የሕክምና ማስክ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ወፍራሙ ግን ብዙ ይቀንሳል፤ የሚቀነሰውም እንደ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» እና «ጨ» ያሉት የሚለዩበት የድምፅ ክፍል ነው። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠች ልጅ «ሰማ» እና «ሸማ»፣ «በላ» እና «ፈላ» አንድ ሆነው ይሰሟታል። ያነበበችው ቃል ስህተት ሲባል ደግሞ ስህተቷ የት እንደሆነ አይገባትም። የመስማት ችግር ላለበት ልጅ ሁኔታው በእጥፍ ይከፋል።

መፍትሔው መምህሯ እንድትጮኽ አይደለም። ጩኸት ከአፍ የሚወጣውን ብናኝ ያበዛዋል፤ የመምህራኑንም ጉሮሮ ይጎዳል። የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ፊደል ትምህርት በተቻለ መጠን ከቤት ውጭ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በረንዳ ላይ ይሁንና መምህሯ ተራርቃ ቆማ አፏን ገልጣ ታስተምር። ከቤት ውጭ የመተላለፍ ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። ውጭ ካልተቻለ፣ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ አዲሱን ድምፅ በምታሳይበት ደቂቃ ብቻ ዝቅ ታድርገው፤ ልጆቹ ሲለማመዱ መልሳ ትሸፈን። ከፊት በኩል የሚያሳይ ፕላስቲክ ያለው ማስክ ከተገኘ ለእነዚህ መምህራን ቅድሚያ ይሰጥ። በቀረው ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ቃል ለይቶ መናገር ይበቃል። ልጆች የመምህራቸውን ፊት ስሜት ማንበብ አይችሉም የሚለው ሥጋት ግን ከተባለው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 13 የሆኑ ልጆች ግማሽ ፊት ሲሸፈን ቢከብዳቸውም ሐዘንና ቁጣን፣ ፍርሃትንም እንዲያው ከመገመት በተሻለ ይለያሉ።

ኅብረቱ ስለ ማስክ ሲከራከር የተረሳ የመሰለኝ ነገር መስኮት ነው። ትንንሾቹ ብናኞች መሬት አይወድቁም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደ ዕጣን ጭስ ተንሳፈው ይቆያሉ። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ መምህሩ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይጠረቅማል፤ ልጆቹ ተጠጋግተው ይሞቃሉ። ለወረርሽኝ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ የለም። አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ካሉ ማስክ ካላደረጉ ሠላሳ ልጆች ይልቅ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያሉ ማስክ ያደረጉ ስድሳ ልጆች ያሳስቡኛል። ስለዚህ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች ቢያንስ ከላይ በኩል ተከፍተው ይዋሉ። ብርዱ ካየለ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ልጆቹ ወጥተው በርና መስኮቱ አሥር ደቂቃ ወለል ብሎ ይከፈት። በሚስማር የተመታ ወይም በካርቶን የተደፈነ መስኮት ካለ ከዕቅዱ በፊት እሱ ይጠገን። ወጪው የአንድ ወር ማስክ የሚገዛበትን አይደርስም፤ ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያም ያው ነው፣ ወረርሽኝ ባይመጣም ያገለግላችኋል።

የምገባ ሰዓትም አለ። ጠዋት ሙሉ ተሸፍነው የዋሉ ልጆች በአንድ አዳራሽ ማስክ አውልቀው ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተጫወቱ ከበሉ የጠዋቱ ድካም ከንቱ ነው። በፈረቃ ይብሉ፤ ከተቻለ ግቢ ውስጥ ይብሉ።

አሁን ወደ በሩ ጉዳይ ልመለስ። በኮሮና ጊዜ የማስክ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። አራት ልጅ የሚያስተምር የቀን ሠራተኛ ለአራቱም ማስክ መግዛት ምን ማለት እንደነበር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ማስክ ሳትይዝ የመጣች ልጅ ከበር ስትመለስ ወረርሽኙ አልቆመም፤ ልጅቷ ግን የዕለቱን ትምህርት፣ አብሮም የዕለቱን ምሳ አጣች። ሁለቴ ሦስቴ የተመለሰች ልጅ በአራተኛው አትመጣም። ቤት የቀረች ልጅ ወደ ሰው ቤት ሥራ ወይም ወደ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የምትገፋበት አጋጣሚ ይሰፋል፤ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት በየቀበሌው ያየነው ነው። በልጆች ላይ ኮቪድ-19 በአብዛኛው ቀላል ሕመም ነበር፤ ከትምህርት መቅረት ግን ለብዙዎቹ ዕድሜ ልክ የሚከተላቸው ጉዳት ነው። ሁለቱን በሚዛን ላስቀመጠ ሐኪም መልሱ አያጠያይቅም።

ስለዚህ ግዴታ የሚለው ቃል በመጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ላይ ይውደቅ። ማስክ ማዘዝ ከፈለጋችሁ ማስክ ማቅረብ ትችላላችሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከአካባቢው ልብስ ሰፊዎች ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ፣ በልጅ ፊት ልክ ተለክቶ፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ሁለት የሚደርስ ሦስት ድርብ ማስክ በመጋዘን ማስቀመጥ ይቻላል። በበሩ ላይ ዘበኛው የሚጠይቀው «ማስክሽ የታለ?» ብሎ ሳይሆን፣ የሌላት ከሆነ ከሣጥኑ አንሥቶ የሚሰጣት ይሁን። በሰልፍ ላይ ስም እየጠሩ ማሳፈር፣ ማንበርከክ ወይም ወላጅ ጥሪ ማለት በዚህ ጉዳይ ቦታ የለውም። በሕክምና ምክንያት የማያደርግ ልጅ ካለም ክፍሉ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ማንም እንዳያፌዝበት የክፍሉ ኃላፊ መምህር ይጠብቀው።

ስለ አያያዙ አጭር ነገር ልጨምር። ስሙ በክር ወይም በማይለቅ ቀለም ይጻፍበት፤ መለዋወጥ የሚቀረው በዚህ ነው። የረጠበው ይቀየር፤ ሲወልቅ በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ወይም በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ። ማታ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብና በደንብ ይድረቅ። ማሰሪያውን ይዞ ማድረግና ማውለቅን፣ ከዚያም እጅ መታጠብን በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ትምህርት አስተምሯቸው። ከስምንት ዓመት በላይ ያሉት በቶሎ ይለምዱታል።

አንድ ነገር በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይለይ፤ ወረርሽኝ ሁሉ አንድ አይደለም። ለኮሌራ ማስክ አይጠቅምም፤ ውኃና መጸዳጃ ቤት ነው የሚያድነው። ኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ግን ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በኢንፍሉዌንዛ ልጆች ከአዋቂዎች ይበልጥ ይያዛሉ፤ ወደ ቤት ይዘውት የሚገቡትም ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለው ቢመጣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ባሉት ላይ ያለኝ አቋም ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል፤ በተለይ ብዙዎቹ ከአያቶቻቸው ጋር የሚኖሩ ከሆነ።

የ6–11 ዓመቶቹን ውሳኔ ለብቻችሁ አትሸከሙት። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ በኅብረቱ ስብሰባ ላይ እንዲገኝ አድርጉ። ስርጭቱ በወረዳው ሲጨምር እንዲጀመር፣ ሲቀንስ እንዲነሣ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየታየ እንዲታደስ ጻፉት። የሚጀመርበት እንጂ የሚቆምበት ያልተጻፈለት ግዴታ ሰው ይሰለቸዋል፤ ከተሰለቸ ደግሞ በሚያስፈልግበት ቀን ማንም አይቀበለውም። ‹ያለ ማስክ አልልክም› ለሚሉት ወላጆች ልጃቸው በማንኛውም ጊዜ ማድረግ እንደምትችልና ማንም እንደማይከለክላት በጽሑፍ አረጋግጡላቸው። ለሌሎቹ ወላጆች ደግሞ የ1ኛ ክፍል ልጆች ፊደል የሚማሩበትን የበረንዳ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አሳዩአቸው። ረቂቁ ሲያልቅ ቢልኩልኝ አንብቤ አስተያየቴን በደስታ እሰጥዎታለሁ።